ዝም ያለውን እዩ፦ የጃፓን ምርጥ የፍልሚያ ጨዋታ ተጫዋቾችን ውድድር ለመከታተል ዝርዝር መመሪያ

ዓይኑን ያላስለመደ ሰው ስትሪት ፋይተር የሚባለውን የቪዲዮ ፍልሚያ ጨዋታ ፍጻሜ ሲመለከት የሚታየው ብልጭታ ብቻ ነው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ሲጮህ ምን ተገኝቶ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የሆነው ይህ ነው፦ አንዱ ተዋጊ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ የሌላው እግር አየር መታ፤ የመጀመሪያው በአንድ እርግጫ ጀምሮ ጨዋታውን ጨረሰ። እኔ እርግጫውን አየሁ። ሰዉ የጮኸው ለግማሽ እርምጃዋ ነበር። ይህን ለማወቅ ወራት ፈጅቶብኛል፤ እናንተን ሁለት ቅዳሜ ቢወስድባችሁ ነው።

ጨዋታውን ነክታችሁ የማታውቁ ብትሆኑም መከታተል ትችላላችሁ። ኳስ ሜዳ ገብቶ የማያውቅ ስንት ጥሩ ተመልካች አለ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ አንድ ጨዋታ ያዙ

የፍልሚያ ጨዋታ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ቴከን አለ፣ ጊልቲ ጊር አለ፣ ፌታል ፉሪ አለ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣምና ለጊዜው አንዱን ያዙ። ጃፓኖችን ለማየት ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ስትሪት ፋይተር 6 ነው። የሚሠራው ካፕኮም የኦሳካ ኩባንያ ነው፤ ስትሪት ፋይተር 2 በ1991 በየመጫወቻ አዳራሹ ከተተከለ ወዲህ ጃፓናዊው ወጣት በዚሁ ጨዋታ ላይ ነው ያደገው። ስድስተኛው የወጣው በጁን 2023 ሲሆን ትልልቆቹ ውድድሮች አሁን በእርሱ ይካሄዳሉ።

ቴከንም የጃፓን ሥራ ነው፤ እዚያ ግን ኮሪያውያንና ፓኪስታናውያን በርትተዋል። ከላሆር የመጣው አርስላን አሽ በ2019 መጀመሪያ ፉኩኦካ ላይ ዋንጫውን ሲያነሳ ከአገሩ ውጭ ስሙን የሚያውቅ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህንን ታሪክ ሌላ ቀን ፈልጋችሁ እዩት።

ሁለተኛ፦ ማያውን ማንበብ

ከላይ በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም መስመሮች አሉ፤ የተዋጊዎቹ ሕይወት ናቸው። መስመሩ ያለቀበት ዙሩን ይሸነፋል። በመካከላቸው ከ99 ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት አለ። ሁለት ዙር ያሸነፈ አንድ ጨዋታ ወሰደ ይባላል። እስከዚህ ድረስ ማንም ሳይነገረው ይገባዋል።

ጀማሪ ሳያየው የሚያልፈው ከሕይወት መስመሩ በታች ያለውን ባለ ስድስት ክፍል አረንጓዴ መስመር ነው። ድራይቭ ይባላል። ጨዋታ ስከታተል ዓይኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ተዋጊው ወደፊት ለመወርወር ቢፈልግ፣ የተጠናከረ ምት ቢሰነዝር፣ የመጣበትን ምት ቢመክት ሁሉንም የሚከፍለው ከዚህ ነው። እንደ ወር ደመወዝ አስቡት፤ በመጀመሪያው ሳምንት የበተነው ሰው በአራተኛው ሳምንት የሚገጥመው ይታወቃል። መስመሩ ባዶ ሲሆን ተዋጊው ቀለሙ ይገረጣል፤ እንደቀድሞው መከላከል ያቅተዋል፤ ከጥግ ተጠግቶ ሳለ ድራይቭ ኢምፓክት የሚባለው ከባድ ምት ቢያርፍበት ደግሞ ፈዝዞ ይቆማል። ሕይወቱ ሙሉ ሆኖ ድራይቩ የተሟጠጠበት ተጫዋች ካያችሁ፣ ቆጣሪው ምንም ይበል፣ ችግር ውስጥ ያለው እርሱ ነው።

ስለ ድራይቭ ኢምፓክት አንድ ነገር ልጨምር። ጨዋታው በሰከንድ 60 ምስል ይሮጣል። ይህ ምት ከተጀመረ እስኪያርፍ 26 ምስል ይፈጅበታል፤ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ዋና ተጫዋች ያያል፣ ይለያል፣ የራሱን ኢምፓክት ይመልሳል። የመጣን ምት ፍጹም በሆነ ሰዓት መመከት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ የተፈቀደው ጊዜ ሁለት ምስል ነው። ሲሳካ ማያው ለአፍታ ቀጥ ይላል፤ አዳራሹ የሚጮኸውም ያን ጊዜ ነው።

ከታች በየጥጉ ከ0 እስከ 3 የሚደርስ ቁጥር ታያላችሁ፤ ሱፐር ለሚባለው ታላቅ ምት የሚጠራቀም ነው። 3 የሞላለት ተጫዋች የሚጠብቀው የተጋጣሚውን አንድ ስሕተት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ የውድድሩን ሥርዓት ማወቅ

አብዛኛው ትልቅ ውድድር ሁለቴ ካልተሸነፉ የማይወጡበት ነው። ሁሉም በአሸናፊዎች መስመር ይጀምራል፤ አንዴ የተሸነፈ ወደ ተሸናፊዎች መስመር ይወርዳል፤ እዚያ ዳግም ከተሸነፈ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። በማጣሪያው ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ያልፋል፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ከአምስት ሦስት ይሆናል።

ይህን ያላወቀ ተመልካች በፍጻሜው ላይ ግራ ይጋባል። ከተሸናፊዎች መስመር የመጣው ሰው ዋንጫውን ለመውሰድ ያልተሸነፈውን ሁለት ጊዜ ማሸነፍ አለበት። በስሙ አጠገብ ኤል የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈ ከዚያ መስመር መጥቷል ማለት ነው። በ2017 ላስ ቬጋስ ላይ ጃፓናዊው ቶኪዶ ከአሜሪካዊው ፐንክ ጋር ያደረገው ፍጻሜ እንዲህ ያለ ነበር። ፐንክ ያን ዓመት የሚቀመስ አልነበረም። ቶኪዶ ከታችኛው መስመር ወጥቶ አንዴ ረታው፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ተመለሰ፤ ደግሞ ረታው። ይህ ውድድር ኤቮ ይባላል፤ ከሁሉም የሚከበረው እርሱ ነው፤ የጃፓን ታናሽ ወንድሙ ኤቮ ጃፓን ደግሞ ከ2018 ጀምሮ አለ።

አራተኛ፦ ለአንድ ሰው ወግኑ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ይሰለቻል። ወገን የሌለው ተመልካች ቶሎ ያንቀላፋል። እኔ የምመርጥላችሁ እነዚህን ነው።

ዳይጎ ኡሜሃራ። በ1981 የተወለደ፣ ቅጽል ስሙ አውሬው። በዘመኑ የነበሩት ብዙዎቹ ጡረታ ሲወጡ እርሱ አሁንም ይወዳደራል። በመሐል ጨዋታውን ትቶ ማጆንግ የሚባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ሞክሮ ነበር፤ ከዚያም በአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥሮ ሠራ። በ2009 ተመልሶ ኤቮን አሸነፈ፤ በ2010 ደገመው። የእርሱን ጨዋታ ስታዩ ለማሸነፍ ከመቸኮል ይልቅ ተጋጣሚውን ለማወቅ ሲታገል ታገኙታላችሁ፤ አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ይሸነፋል።

ቶኪዶ። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው፤ ያ ማለት በጃፓን ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህን ትቶ ጨዋታ መምረጡ ቀላል ነገር አይደለም። የሚዘጋጀው ለፈተና እንደሚያጠና ተማሪ ነው።

ኢታባሺ ዛንጊፍ። ስሙ ራሱ ታሪክ ነው። ኢታባሺ የቶኪዮ ወረዳ ነው፤ ዛንጊፍ ደግሞ ግዙፉ ሩሲያዊ ታጋይ። በድሮው የመጫወቻ አዳራሽ ሰው የሚታወቀው በሰፈሩና በሚይዘው ተዋጊ ነበር፤ በእኛ ቢሆን «የጉለሌው ዛንጊፍ» እንደ ማለት። ቀስ እያለ፣ እየተመታ፣ ይጠጋል። አንዴ ከያዘ ግን አለቀ። ለጀማሪ ዓይን ከእርሱ የተሻለ መምህር የለም፤ ሐሳቡ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ጥያቄው ይደርሳል ወይስ አይደርስም ብቻ ነው።

ካኬሩ። ከአዲሶቹ ነው። በማርች 2025 የካፕኮም ካፕ፣ ማለትም የጨዋታው ሠሪ ኩባንያ ራሱ የሚያዘጋጀው ዋንጫ፣ ፍጻሜ የተካሄደው ሱሞ በሚታገሉበት በሪዮጎኩ ኮኩጊካን አዳራሽ ነበር፤ ካኬሩ የቺሊውን ታዳጊ ብላዝን አሸንፎ 1 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የያዘው ጄፒ የሚባለውን ከዘራ ያዥ ሽማግሌ ነው። ጄፒ ከሩቅ ወጥመድ እየዘረጋ ሰውን የሚያስመርር ተዋጊ ነው፤ እኔ አልወደውም፤ ግን ካኬሩ ሲይዘው ዝም ብዬ አያለሁ።

ከእነዚህ ሌላ በ2018 ካፕኮም ካፕን የወሰደው ጋቺኩን አለ፤ ራሺድ የሚባለውን ተዋጊ ይዞ እንደ ነፋስ የሚሽከረከር። በ2011 ኤቮ ፍጻሜ ላይ ሳዑዲውን ላቲፍን የረታው ፉዶ አለ። ሞሞቺም አለ፤ በ2015 ኤቮ ፍጻሜ መሐል መቆጣጠሪያው ተበላሽቶበት ጨዋታው በመቋረጡ አንድ ዙር ተቀጣ፤ ሌላ ተክቶ አሸነፈ። ይኸው ሞሞቺ በ2019 ቶኪዮ ላይ ሌላ ውድድር ቢያሸንፍም የሙያ ፈቃድ አልወስድም በማለቱ ከሽልማቱ እጅግ ጥቂቱ ብቻ ነው የተከፈለው። ግትር ሰው የምትወዱ ከሆነ ለእርሱ ወግኑ።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ በዱባይና በአቡዳቢ ያላችሁ የራሳችሁ ሰዎች አሏችሁ፦ የኤምሬቶቹ ቢግ በርድና አንግሪ በርድ። በ2023 ስትሪት ፋይተር 6 ለመጀመሪያ ጊዜ ኤቮ ላይ ሲቀርብ ከ7,000 በላይ ተወዳዳሪ ተመዝግቦ ነበር፤ ዋንጫውን የወሰደው አንግሪ በርድ ነው።

አምስተኛ፦ ሰዓቱ፤ እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ መሆን ጠቀመን

ጃፓን ከእኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። እኔ መጀመሪያ ሰሞን የጃፓንን ሰዓት ወደ ፈረንጅ፣ ከዚያ ወደ እኛ ሰዓት እየቀየርሁ፣ ስደምርና ስቀንስ አንድ ፍጻሜ ሙሉ በሙሉ አመለጠኝ። ኋላ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከዓለም አቀፉ በስድስት ለይተን ነው። ጃፓንም በስድስት ትለያለች። ስለዚህ የጃፓን የግድግዳ ሰዓትና የእኛ የግድግዳ ሰዓት አንድ ናቸው! ቶኪዮ ምሽት 7 ሰዓት ከሆነ አዲስ አበባ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ቶኪዮ ጠዋት 10 ሰዓት ከሆነ እዚህ ከሌሊቱ 10 ነው። መደመር የለም፣ መቀነስ የለም፤ የእነርሱ ምሽት የእኛ ቀን፣ የእነርሱ ረፋድ የእኛ ሌሊት መሆኑን ብቻ አስታውሱ።

ማስታወቂያው ላይ 19፡00 ከተጻፈ 12 ቀንሱለት፤ 7 ሰዓት። አንዳንዴ ጃፓኖች 25፡00 ብለው ይጽፋሉ፤ የፊደል ስሕተት እንዳይመስላችሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ 1 ሰዓት ማለታቸው ነው፤ ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል፣ ራት ሳይቀርብ።

ላስ ቬጋስ የሚደረገው ኤቮ ግን እንቅልፍ ያሳጣል። ውድድሩ በበጋቸው ወራት ስለሚሆን ከእኛ በአስር ሰዓት ይዘገያሉ፤ እሑድ ማታ 7 ሰዓታቸው ለእኛ ሰኞ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ነው። የኢስፖርትስ ዓለም ዋንጫ ሪያድ ላይ ሲካሄድ በአንጻሩ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ ከቶኪዮ በአገሩ የሙቀት ወራት 13፣ በብርዱ ወራት 14 ሰዓት ትዘገያላችሁ፤ የጃፓን ምሽት ለእናንተ የማለዳ ቡና ነው። እስራኤል ያላችሁ በሙቀቱ ወራት እንደኛው ናችሁ፤ በብርዱ ወራት አንድ ሰዓት ቀንሱ።

ስድስተኛ፦ የት ይታያል፣ ስንት ዳታ ይበላል

ዋነኞቹ መመልከቻዎች ዩቲዩብና ትዊች ናቸው። ኤቮና ካፕኮም የየራሳቸው ቻናል አላቸው፤ ካፕኮም ለጃፓንኛው ስርጭት የተለየ ቻናል ይዟል። የተወዳዳሪዎችን ዝርዝርና ማን ከማን እንደሚገናኝ ለማየት ስታርት ጂጂ የሚባለውን ድረ ገጽ ተጠቀሙ፤ በዚያ ላይ የወገናችሁለትን ሰው ስም ፈልጋችሁ መንገዱን መከተል ትችላላችሁ። ካፕኮም የ2026ቱን የካፕኮም ካፕ ስርጭት በክፍያ እንደሚያደርግ በ2025 ሲያስታውቅ ብዙ ተመልካች አኩርፏል፤ ስለዚህ ከፍጻሜ በፊት ነጻ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ተጫዋቾቹን በጃፓንኛ ፊደል መፈለግ ውጤቱን እጥፍ ያደርገዋል። ፊደሉን ማወቅ አይጠበቅባችሁም፤ ዊኪፔዲያ ላይ ከተጫዋቹ ስም አጠገብ የጃፓንኛውን አጻጻፍ ቀድታችሁ መፈለጊያው ላይ ለጥፉት።

አሁን ወደ ዳታ። ዩቲዩብ በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳየው ከ720 ጀምሮ ነው፤ 480 ላይ ስታወርዱት ግማሹን ምስል ይጥለዋል። ለዜና ምንም አይደል፤ ለፍልሚያ ጨዋታ ግን ከቅኔ ላይ ግማሹን ቃል እንደመሠረዝ ነው። የእኔ ዘዴ ይህ ነው፦ የማጣሪያውን ቀን በ360 ከፍቼ ድምፁን እየሰማሁ ሌላ ሥራ እሠራለሁ፤ አስተያየት ሰጪው ድምፁ ከፍ ሲል ቀና እላለሁ። ለመጨረሻዎቹ ስምንት ብቻ 720 አደርገዋለሁ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ የሚሠራ ጓደኛ ያለው ደግሞ አስወርዶ ይውሰድ። ትዊች ላይ ያለፈ ስርጭት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይጠፋልና ለነገ አትበሉ፤ ዩቲዩብ ላይ ግን ይቆያል።

ሰባተኛ፦ አንዱን ግጥሚያ ሦስት ጊዜ እዩ

የዚህ ሁሉ ልቡ እዚህ ነው። ቀጥታ ስርጭት ከማየታችሁ በፊት አንድ አጭር ግጥሚያ ምረጡና ሦስት ጊዜ እዩት።

መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው እዩት። ማን አሸነፈ? በቃ።

ሁለተኛ ጊዜ የሚመታውን ተዋጊ በእጃችሁ ሸፍኑት። እውነቴን ነው፤ መዳፋችሁን ማያው ላይ አድርጉ። የሚከላከለውን ብቻ እዩ። መቼ ቁጢጥ ይላል? መቼ ይነሳል? ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ሄዶ ጥግ ደረሰ? የጃፓኖቹ ጥበብ የሚታየው በዚህ ነው፤ ምንም የማያደርጉ በሚመስሉበት ሰዓት ሁለቱም አንድ ስንዝር ቦታ ለማግኘት ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ከርቀቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ተጋጣሚው እግሩን እንዲዘረጋ ማባበል፣ ሲዘረጋ መቅጣት። ዳይጎ በዚህ ብቻ ዙር ሲጨርስ አይቻለሁ።

ሦስተኛ ጊዜ አንዱን ማጥቃት ብቻ ቀስ አድርጋችሁ እዩ። በኮምፒውተር ከሆነ ቪዲዮውን አቁሙና በእንግሊዝኛው ፊደል ገበታ የነጥቡን ቁልፍ ተጫኑ፤ አንድ ምስል ወደፊት ይሄዳል። የነጠላ ሰረዙ ቁልፍ ወደ ኋላ ይመልሳል። የወደቀ ተዋጊ ሲነሳ ያለውን ቅጽበት ፈልጉ። አጥቂው ቀርቦ ይቆማል። የተነሳው ሰው «ይዞ ሊጥለኝ ነው» ብሎ ለማምለጥ የመያዣ ቁልፍ ይጫናል። አጥቂው ግን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብሏል። የተነሳው እጅ ባዶ አየር ይጨብጣል፤ ከዚያ ይቀጣል። ይህን ሺሚ ይሉታል። እኔ ሰምና ወርቅ እለዋለሁ፤ ሰሙ «ልጥልህ ነው»፣ ወርቁ «ስታመልጥ ልመታህ ነው»። ወርቁን የሚያውቅ ተከላካይ ደግሞ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ አጥቂው እውነትም ይጥለዋል። ጥግ ላይ አንድ ሰው ሦስቴ በተከታታይ ሲጣል ብታዩ ሞኝ አይምሰላችሁ። ቅኔውን እየፈታ ነው፤ አፈታቱ ሦስቴ ስቶበት ነው።

ለዚህ ልምምድ የሚሆን ግጥሚያ ካጣችሁ የ2004ቱን ኤቮ እዩ፤ ዳይጎ ኡሜሃራ ከጀስቲን ዎንግ። ጨዋታው ስትሪት ፋይተር 3 ነው፣ ቦታው ካሊፎርኒያ ፖሞና፣ የተሸናፊዎች መስመር ፍጻሜ። የዳይጎ ተዋጊ የኬን ሕይወት ክር አክላለች፤ ቢከላከል እንኳ የታላቁ ምት ፍንጣሪ ይገድለዋል። የዎንግ ተዋጊ ቹን ሊ 15 እርግጫ ያለውን ታላቅ ምት ለቀቀች። ዳይጎ በእያንዳንዱ እርግጫ ልክ መቆጣጠሪያውን ወደፊት ነካ አደረገ፤ አንድ በአንድ፣ የመጨረሻውን አየር ላይ ዘልሎ፤ ከዚያ መልሶ ጣላት። ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያውን እርግጫ ለመመከት ምቱ ከመለቀቁ በፊት መገመት ነበረበት፤ አይቶ የሚደርስበት አልነበረም። ሁለተኛው፣ ያን ውድድር ዳይጎ አላሸነፈም። በፍጻሜው በሌላ ጃፓናዊ ተሸነፈ።

ስምንተኛ፦ የጃፓንኛውን አስተያየት አትፍሩት

የእንግሊዝኛው አስተያየት ለጀማሪ ይመቻል። ትንሽ ከቆያችሁ በኋላ ግን ወደ ጃፓንኛው ዙሩ፤ ቀልዱም ጩኸቱም ሌላ ነው። አስር ቃል ይበቃችኋል፤ እኔ ስድስቱን ልስጣችሁ። «ናጌ» መጣል ነው፤ ጥግ ላይ ተደጋግሞ ሲሆን «ጁዶ» እያሉ ያሾፋሉ። «ታይኩ» ከላይ ዘልሎ የመጣን በአየር ላይ መምታት ነው፤ «ታይኩ ዴታ» ሲሉ ከሰማችሁ የዘለለው ሰው ወድቋል። «ሳሺካኤሺ» ያ ከላይ ያልኋችሁ፣ የሳተ እግርን የመቅጣት ጥበብ ነው፤ ይህ ቃል ሲጮህ ቪዲዮውን መልሱት። «ጋሜንሃሺ» የማያው ጥግ፤ «ኡማይ» ጎበዝ፣ አበጀህ።

ከጎን በሚሮጠው ጽሑፍ ውስጥ የስምንት ቁጥር ሰልፍ ካያችሁ ጭብጨባ ነው፤ ስምንት በጃፓንኛ «ሃቺ» ስለሚባል ከ«ፓቺ ፓቺ» ከሚለው የጭብጨባ ድምፅ ጋር ይገጥማል። እናንተም መደርደር ትችላላችሁ፤ ቋንቋ አይጠይቅም።

ሌላ ደስ የሚል ነገር፣ ዳይጎን የመሳሰሉ ባለሙያዎች ራሳቸው ያልተወዳደሩበትን ውድድር በየቻናላቸው ከፍተው እያዩ ያወራሉ። ባለሙያ ሲገረም ማየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ዘጠነኛ፦ ከትልቁ ዋንጫ ባሻገር፣ ሊግና አሥር

ጃፓን ውስጥ የስትሪት ፋይተር ሊግ የሚባል የቡድን ውድድር አለ። በቡድን አራት ሰው፤ በአንድ ግጥሚያ ሦስቱ ይሰለፋሉ፣ ስማቸውም ከጁዶና ከኬንዶ የመጣ ነው፦ መሪ ተፋላሚ፣ መሐለኛ፣ አዛዥ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለየራሳቸው 10 ነጥብ፣ አዛዡ 20 ነጥብ ይይዛል፤ ስለዚህ ሁለቱ ቢሸነፉም አዛዡ ያስተካክላል፤ እኩል ሲሆኑ ተጨማሪ ጨዋታ አለ። ጣፋጩ ክፍል ጨዋታው ሳይጀመር ነው። እንግዳው ቡድን ሰልፉንና ተዋጊዎቹን አስቀድሞ ይገልጣል፤ ባለሜዳው ያንን አይቶ ማንን ለማን እንደሚያወጣ ይመክራል። ግማሹ ጨዋታ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል። ለእኛ ሰዓትም ምቹ ነው፤ የእነርሱ ምሽት የምሳ ሰዓታችን ላይ ይውላል።

ከዚህ የሚበልጥብኝ ግን «ጁሳኪ» ነው፤ አስር ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ። በአጭር ውድድር ዕድል ይገባል፤ በአስር ግን መደበቂያ የለም። ዳይጎ ራሱ ባዘጋጀው መድረክ ላይ በማርች 2018 ከቶኪዶ ጋር ተገናኝቶ 10 ለ 5 አሸነፈው። ቶኪዶ ያኔ የኤቮ ሻምፒዮን ነበር። ቪዲዮው ረጅም ነው፤ ቡና ተፈልቶ፣ ሦስተኛው ሲኒ እስኪጠጣ። አትዝለሉት። ተሸናፊው ከሰባተኛው ጨዋታ በኋላ ሲሞክር የነበረውን ነገር ሁሉ ከግጥሚያው በፊት ስንት ወር እንደተለማመደው ፊቱ ላይ ታነቡታላችሁ።

አስረኛ፦ እዚያው መሄድ ለሚችል

ኤቮ ጃፓን በቅርብ ዓመታት የሚደረገው በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ አካባቢ፣ ቶኪዮ አሪያኬ ሰፈር ነው። ወደ ቶኪዮ ቢግ ሳይት አዳራሽ የዩሪካሞሜ ወይም የሪንካይ ባቡር ያደርሳል። ወቅቱ የጃፓኖች ትልቅ የበዓል ሰሞን ሊሆን ስለሚችል ሆቴል ቀደም ብላችሁ ያዙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ናሪታ ይገባል፤ ቪዛው አዲስ አበባ ካለው የጃፓን ኤምባሲ ነው።

ከሄዳችሁ አይቀር ተወዳዳሪ ሆናችሁ ተመዝገቡ። ምዝገባው ለማንም ክፍት ነው፤ በማጣሪያው ቶኪዶ ቢደርሳችሁ ከጎኑ ተቀምጣችሁ ትሸነፋላችሁ፤ ከዚያ የተሻለ መመልከቻ ወንበር የለም።

ከአዳራሹ ሌላ አንድ ቦታ እዩ፦ ታካዳኖባባ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለውን ሚካዶ የሚባል የመጫወቻ አዳራሽ። እነዚህ ሁሉ ተጫዋቾች የተፈጠሩት እንዲህ ባለ ቤት ነው። ማሽኖቹ ጀርባ ለጀርባ ተደርድረዋል፤ ተጋጣሚያችሁን አታዩትም፣ ድምፁም አይሰማም፤ ያለው ማያው ላይ የሚያደርገው ብቻ ነው። የሰውን ሐሳብ ከግማሽ እርምጃ የማንበብ ልማድ ከዚህ መጣ ብዬ አምናለሁ። 100 የን ትከታላችሁ። አሸናፊው አንድም ሳንቲም ሳይጨምር ይቀጥላል፣ ተሸናፊው እንደገና ይከፍላል። በጆተኒና በካራምቡላ ቤት ያደገ ሰው ይህን ሕግ ማንም እንዲያብራራለት አይፈልግም።

የመሸነፊያችሁን ሳንቲም አስቀድማችሁ ዘርዝራችሁ ያዙ። ስትሸነፉ ተነሱ፤ ከኋላችሁ ሰው ቆሟል።